ጉሮሮ ሲከረክር፣ አፍንጫ ሲታፈን

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ የአደይ አበባው ረግፎ የጥቅምት ብርድ ሲተካ፣ በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ጉሮሮውን የሚጠርገውና የሚያስነጥሰው ሰው ይበዛል። እናት “ልጄን ብርድ መታው” ትላለች። የቢሮ ሠራተኛው “ሳይነሴ ተነሣብኝ” ብሎ ግንባሩን ይዞ ይቀመጣል። መምህሯ ድምፅዋ ተዘግቶ በጠመኔ ብቻ ታስተምራለች። ሁሉም የየራሱን መድኃኒት ያውቃል፤ አንዱ ዳማከሴ፣ ሌላው ዝንጅብል፣ ሌላው ደግሞ ባለፈው ዓመት ተርፎ በመሳቢያ ውስጥ የቆየ ካፕሱል። ከነዚህ ውስጥ የሚጠቅመው የትኛው ነው? የሚጎዳውስ? ሐኪም ሳያዩ ማደር የማይገባውስ መቼ ነው? በዛሬው ጽሑፋችን የምንመለከተው ይህንኑ ይሆናል።

አስቀድሞ ስለ ስሙ አንድ ነገር እንበል። “ሳይነስ አለብኝ” ማለት “ጉበት አለብኝ” እንደ ማለት ነው። ሳይነስ የበሽታ ስም ሳይሆን የአካል ክፍል ስም በመሆኑ ማንኛውም ሰው አለው። “ቶንሲል አለብኝ” የሚለው አነጋገርም እንደዚሁ ነው። ሳይነስ የሚባሉት በፊት አጥንቶች ውስጥ የሚገኙ አየር የሞላባቸው ክፍት ቦታዎች ሲሆኑ፣ ቁጥራቸውም አራት ጥንድ ነው። በጉንጭ አጥንት ውስጥ፣ በግንባር ውስጥ፣ በሁለቱ ዓይኖች መካከል፣ እንዲሁም ከእነዚህ ወደ ኋላ ጠለቅ ብሎ ይገኛሉ። ውስጣቸው በስስ ሽፋን የተለበጠ ነው። ሽፋኑ ቀጭን ንፍጥ ያመነጫል፤ በሽፋኑ ላይ ያሉት በዓይን የማይታዩ ፀጉር መሰል ነገሮች ደግሞ ንፍጡን ከያዘው አቧራና ተሕዋስያን ጋር እየጠረጉ በጠባብ ቀዳዳ ወደ አፍንጫ ያወጡታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የጉንጩ ሳይነስ መውጫ ቀዳዳ የሚገኘው እንደ እንስራ አፍ ከላይ በኩል ነው። ስለዚህ ንፍጡ በራሱ ክብደት ቁልቁል ሊፈስ አይችልም፤ ሽቅብ እየተጠረገ መውጣት አለበት። ጉንፋን ይዞን ሽፋኑ ሲያብጥ ያች ጠባብ ቀዳዳ ትዘጋለች፤ ንፍጡም እዚያው ይጠራቀማል። ጉንጭን የሚከብደው፣ ጎንበስ ሲሉ ግንባርን የሚወጋው፣ አንዳንዴም የላይኛውን ጥርስ የሚጠዘጥዘው ከዚህ የተነሣ ነው። ከአፍንጫ በስተኋላ ወደ ጉሮሮ የሚንጠባጠበው ንፍጥ ደግሞ ጉሮሮን ይከረክራል፤ በተለይ ሌሊት ተኝተን ሳለ ያስለናል። ጉሮሮና አፍንጫ አብረው የሚታመሙት በዚህ ምክንያት ነው።

መነሻው ምንድን ነው?

አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ተራ ጉንፋን ነው፤ ጉንፋንን የሚያመጣው ደግሞ ቫይረስ ነው። ብርዱ ራሱ ጉንፋን አይሆንም። ነገር ግን በብርድ ወራት በርና መስኮት ዘግተን ተጠጋግተን ስለምንቀመጥ፣ አየሩም ደረቅ ስለሚሆን ቫይረሱ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይተላለፋል። እንዲህ ዓይነቱ ሕመም ከሰባት እስከ አሥር ቀን ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። በመካከሉ ንፍጡ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ቢሆን እናቶች ይደነግጣሉ፤ “መግል ያዘ፣ መድኃኒት ይስጡት” ይላሉ። ቀለሙን የሚለውጡት ግን ሰውነት ለመከላከል የላካቸው ነጭ የደም ሴሎች ናቸው፤ ቀለሙ ብቻውን የባክቴሪያ ምልክት ሊሆን አይችልም። ጉንፋን ከያዛቸው መቶ አዋቂዎች ውስጥ የሳይነስ ሕመማቸው ወደ ባክቴሪያ የሚለወጥባቸው ከሁለት አይበልጡም።

ትኩሳት ሳይኖር አፍንጫና ዓይን የሚያሳክክ፣ በተከታታይ የሚያስነጥስ፣ እንደ ውኃ የቀጠነ ንፍጥ የሚያወርድ ከሆነ አለርጂ መሆኑን ይጠርጥሩ። በመስከረም አበባ ሲፈካ፣ አሮጌ ምንጣፍ ሲራገፍ፣ ድመት አልጋ ላይ ስትተኛ ይብሳል። ጧት ጧት ብቻ ጉሮሮ የሚከረክርዎ፣ አፍዎን የሚመርዎና ድምፅዎ የሚጎረንን ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከጨጓራ ሊሆን ይችላል። ማታ በርበሬ የበዛበት ወጥ በልቶ ወዲያው የሚተኛ ሰው፣ የጨጓራው አሲድ ሽቅብ ወጥቶ ጉሮሮውን ያቃጥለዋል። እንዲህ ላለው ሰው ማርም ዝንጅብልም አይፈይድም፤ የሚጠቅመው እራቱን ከመኝታው ሦስት ሰዓት ያህል አስቀድሞ መብላትና የአልጋውን ራስጌ ከፍ ማድረግ ነው። በአንድ ወገን ብቻ የሚያም፣ የሚሸት ንፍጥም ያለው የጉንጭ ሳይነስ ከተበላሸ የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ሊመጣ ስለሚችል የጥርስ ሐኪም ማየት ያስፈልገዋል።

የማድ ቤቱ ጭስ

ስለ ጭስ ግን ትንሽ ዘርዘር አድርገን ልንነጋገር ይገባል። ምክንያቱም ጉሮሮዋና አፍንጫዋ ከዓመት ዓመት የማይሻላት የቤት እመቤት ብዙ ጊዜ የምትታመመው ከምድጃዋ ነው። እንጨትና ኩበት የሚነድበት፣ ጭስ መውጫ የሌለው ማድ ቤት፣ እነዚያን ጠራጊ ፀጉሮች ያደክማል፤ ሽፋኑን ያደርቃል፤ ያሳብጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በመላው ዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዱት ምድጃው አጠገብ የሚውሉት ሴቶችና በጀርባቸው የሚታዘሉት ሕፃናት ናቸው። እናት እንጀራ ስትጋግር የታዘለው ልጅ እሷ የምትስበውን ጭስ በሙሉ ይስባል።

ኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ቤት በዚህ በኩል ታድሏል። ለሌለው ግን ቢያንስ እንጨቱን በደንብ ማድረቅ፣ ከጣራው ሥር ለጭሱ መውጫ መክፈት፣ ሕፃኑንም በጋገራ ጊዜ ለሌላ ሰው ማሳዘል ይቻላል። የከሰል ማንደጃ ጭስ ስለማይታይበት ብዙዎች ንጹሕ ይመስላቸዋል። ሆኖም ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ያለን ቤተሰብ ሳይነቃ ሊገድል ይችላል። ጉንፋን የያዘውን ልጅ “ይሙቀው” ብሎ ማንደጃ አስገብቶ በር መዝጋት ስለዚህ በፍጹም አይገባም።

ዕጣኑስ? ቡና ያለ ዕጣን አይጥምም የሚሉ አንባቢዎቻችን እንዳይቀየሙን እንጂ፣ አስም ወይም አለርጂ ያለበት ሰው ባለበት ቤት መስኮት ከፍቶ በጥቂቱ ማጨስ፣ ከተቻለም መተው ይበጃል። በርበሬ ሲደለዝና ሲፈጭ፣ ቤት ሲጠረግ አፍንጫን በነጠላ መሸፈን፣ ከመጥረግ በፊት ውኃ ረጨት ረጨት ማድረግ እናቶቻችን ያስተማሩን ነው፤ አሁንም ይሠራል። በወፍጮ ቤት፣ በጥጥ መዳመጫና በስሚንቶ ሥራ ላይ ያላችሁ ሠራተኞች ግን ነጠላና መሐረብ አይበቃችሁም፤ ለአቧራ የተሠራውን የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አሠሪያችሁ እንዲያቀርብ የመጠየቅ መብት አላችሁ። ስለ ሲጋራ ብዙ መናገር አያሻም፤ ጉሮሮ እየከረከረው የሚያጨስ ሰው እሳት ላይ ቤንዚን እንደሚያርከፈክፍ ነው።

በቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

ከሁሉ የረከሰውና ከሁሉ የተሻለው መድኃኒት የጨው ውኃ ነው። ለጉሮሮ ከሆነ፣ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙተው በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይጉመጥመጡ፤ ከዚያም ይትፉት። ጨው ያበጠውን ሥጋ በመጠኑ ያጎድላል፤ የተጋገረውንም ንፍጥ ያላቅቃል። ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ መጉመጥመጥ ስለማይችልበት አያስገድዱት፤ ይውጠዋል ወይም ትን ይለዋል።

ለአፍንጫና ለሳይነስ ደግሞ ይኸው የጨው ውኃ በአፍንጫ ይገባል። በመጀመሪያ ሲሰሙት የሚከብድ ይመስላል፤ የለመደው ሰው ግን አይተወውም። ሩብ ሊትር ውኃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከተገኘም ቁንጥር የመጋገሪያ ሶዳ ይበቃል። ውኃው የግድ ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። በምንጠጣው ውኃ ውስጥ ቢገኝ ሆዳችን የሚቋቋመው አንዳንድ ረቂቅ ነፍሳት በአፍንጫ ሲገባ ወደ አንጎል ሊያልፍ ይችላልና። ይህ በጣም አልፎ አልፎ የሚደርስ ቢሆንም፣ ሲደርስ ግን ገዳይ ነው። ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነው አዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ሊፈላ ይገባዋል። ከዚያ ለብ እስኪል ይቀዝቅዝ። ከመድኃኒት ቤት መርፌ የሌለው 20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅ ይግዙ። መታጠቢያ ሳሕን ላይ ጎንበስ ብለው ራስዎን ወደ አንድ ጎን ያዘንብሉ፤ አፍዎን ከፍተው በአፍ እየተነፈሱ በላይኛው የአፍንጫ ቀዳዳ በቀስታ ያስገቡ፤ በታችኛው ይወጣል። ከዚያ ወደ ሌላው ጎን ዞረው ይድገሙት። የሚያቃጥልዎ ከሆነ ጨው በዝቷል ወይም አንሷል ማለት ነው፤ ባዶ ውኃም ያቃጥላልና። ሲሪንጁን አጥበው ያድርቁ፤ ለአንድ ሰው አንድ ሲሪንጅ።

ማር ለጉሮሮ የሚሰጠው እፎይታ ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቀደም ብለው የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ማር የጉንፋንን ሳል ከተለመዱት መድኃኒቶች በተሻለ እንደሚያስታግስ አመልክተዋል። ማታ ከመኝታ በፊት አንድ ማንኪያ፣ ወይም ለብ ባለ ውኃ ከሎሚ ጋር ጥሩ ነው። ነገር ግን አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፤ በጣት ነክቶ ማላስም ቢሆን። በማር ውስጥ የሚገኝ አንድ ዓይነት የባክቴሪያ ዘር በጨቅላው አንጀት ውስጥ አድጎ ጡንቻ የሚያሽመደምድ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ለእርሱ የሚሻለው የእናቱ ጡት ነው፤ አፍንጫው ታፍኖ መጥባት ካቃተው ከመጥባቱ በፊት አንድ ሁለት ጠብታ የፈላና የቀዘቀዘ የጨው ውኃ በየቀዳዳው ጠብ ማድረግ ይቻላል።

የደጋው ጦስኝ፣ ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ትኩስ ሾርባውና አጥሚቱ ሁሉ መልካም ናቸው፤ ሙቀታቸውና ፈሳሽነታቸው ብቻውን ንፍጥ ያቀጥናል። ሻዩ ግን ትኩስ ይሁን እንጂ የሚለበልብ አይሁን። ዳማከሴን ጨምቆ ከቡና ጋር መጠጣት ብዙ ዘመን የኖረ ልማድ ነው። ሆኖም ጭማቂውን ባልፈላ ውኃ አቅጥኖ በአፍንጫ መሳብ ቀደም ብለን የተናገርነውን አደጋ ያመጣል። ነፍሰ ጡር እናት ጤና አዳምን እንደ መድኃኒት አብዝታ ልትጠጣ አይገባም፤ ማሕፀንን ያነሣሣል። አረቄ መጉመጥመጥ ደግሞ የደረቀውን ጉሮሮ ይበልጥ ከማድረቅ በቀር ትርፍ የለውም፤ ምክንያት የሚፈልጉ አባወራዎች ካሉ ይህን ያንብቡላቸው።

የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ ተሸፍኖ መታጠንስ? አዋቂን ለጊዜው ያቀለዋል፤ የታፈነው አፍንጫ የተከፈተ ይመስለዋል። በሽታውን ያሳጥራል ማለት ግን አይቻልም። ልጅን በፈላ ውኃ ላይ ደፍቶ ማጠን ከጉንፋኑ የባሰ ነገር ያስከትላል፤ ድስቱ ተገልብጦ ጭኑና ሆዱ የተቃጠለ ልጅ ለወራት ይታመማል። ለልጅ ቢፈልጉ ክፍሉን በእንፋሎት ማርጠብ፣ ወይም ሙቅ ውኃ በሚፈስበት መታጠቢያ ቤት ይዞት መቀመጥ በቂ ነው። የባሕር ዛፍ ዘይት አይጠጣም፤ በሕፃን አፍንጫም አይቀባም።

አፍንጫን የሚከፍተው ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ጠብታ ከሦስት እስከ አምስት ቀን በላይ ከተወሰደ አፍንጫው ያለ እሱ የማይከፈት ይሆናል። ሱስ እንደሆነባቸው ሳያውቁ ለዓመታት በኪሳቸው ይዘውት የሚዞሩ ሰዎች አሉ። የተረፈ አሞክሳሲሊን መዋጥ፣ ወይም ለጎረቤት ልጅ ማካፈልማ ከዚህም ይከፋል፤ ጉንፋኑን አይነካውም፤ ባክቴሪያዎቹን ግን መድኃኒት መልመድ ያስተምራቸዋል። ቴትራሳይክሊን ለትንሽ ልጅ ከተሰጠ የሚያበቅለው ጥርስ ቀለሙ ይበላሻል። አስፕሪንም ጉንፋን ለያዘው ልጅ አይሰጥም፤ ለትኩሳትና ለሕመም በክብደቱ ልክ ፓራሲታሞል ይበቃዋል።

ጉሮሮ የጀመረው ልብ ላይ ሲደርስ

እስካሁን ያልነው ሁሉ በራሱ ለሚድን ሕመም ነው። አሁን የምንናገረው ግን በጦስኝና በማር ሊታለፍ የማይገባው ነው። ጉሮሮአቸውን ከሚያማቸው መቶ ልጆች ውስጥ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት የሚታመሙት ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ ነው። በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ይይዛል። ምልክቱ በድንገት የሚጀምር ትኩሳት፣ ለመዋጥ የሚያስቸግር ሕመም፣ ቀልቶ ያበጠና ነጭ መግል የቋጠረ ቶንሲል፣ ከመንጋጋ ሥር ሲነኩት የሚያም ንፍፊት ነው። ልብ ይበሉ፤ ብዙውን ጊዜ ሳልና ንፍጥ የለውም። ሳልና ንፍጥ ያለው ልጅ ጉንፋን ነው የያዘው፤ ሳልና ንፍጥ የሌለው፣ ጉሮሮው ግን የነደደው ልጅ ነው ሐኪም ማየት ያለበት።

የሚያታልለው ይህ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከምም ቢሆን በሳምንት ውስጥ መተዉ ነው። እናት “ተመስገን፣ ተሻለው” ብላ ትረሳዋለች። ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን የልጁ ጉልበት ያብጣል፤ ከዚያ ቁርጭምጭሚቱ፣ ከዚያ ክርኑ። “ሲሮጥ ወድቆ ነው” ይባላል። ይህ የቁርጥማት ትኩሳት የሚባለው በሽታ ሲሆን፣ መገጣጠሚያን ነክቶ ያልፋል፤ ልብን ግን ነክቶ አያልፍም። የልብን በሮች ያጠነክራል፤ ያጣብቃል። ልጁ ከዓመታት በኋላ ደረጃ ሲወጣ ይደክመዋል፤ ልጃገረዲቱ አግብታ ስታረግዝ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ያን ጊዜ ነው የሚታወቀው። የተበላሸውን በር የሚጠግነው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ለቀዶ ሕክምና ተራ የሚጠብቁት ደግሞ ብዙ ናቸው። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2018 አገሮች ሁሉ በዚህ በሽታ ላይ እንዲነሡ የወሰነው፣ በቀላሉ መከላከል እየተቻለ በድሆች ልጆች ላይ የበረታ ስለሆነ ነው።

መከላከያው ርካሽ ነው። የጉሮሮው ሕመም በጀመረ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ተገቢው ሕክምና ከተጀመረ የቁርጥማት ትኩሳቱን ማስቀረት ይቻላል። ይኸውም ለአሥር ቀን የሚዋጥ ፔኒሲሊን ወይም አሞክሳሲሊን ነው፤ አለዚያም በጤና ጣቢያ የሚሰጥ አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ። ክኒኑ ከታዘዘ በሦስተኛው ቀን ልጁ ተነሥቶ ቢጫወት እንኳ አሥሩ ቀን መሙላት አለበት። ከዚህ ቀደም ፔኒሲሊን ሰውነቱን አሳክኮት ወይም አሳብጦት የሚያውቅ ከሆነ ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ። የቁርጥማት ትኩሳት አንድ ጊዜ የያዘው ልጅ ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ መርፌውን ለዓመታት ይወስዳል። መርፌው ያማል፤ ልጁ ያለቅሳል፤ አንድ ወር መዝለል ግን በሽታው እንዲመለስ በር መክፈት ነው።

በዚህ ቦታ ስለ እንጥል ማስቆረጥ ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። ልጅ ጉሮሮው ሲያብጥ፣ ጡት አልይዝ ሲል ወይም ሲያስመልሰው “እንጥሉ ወርዷል፣ ካልተቆረጠ ይፈነዳና ይገድለዋል” የሚሉ አሮጊቶችና ባለሙያ ነን ባዮች ዛሬም በከተማ ሳይቀር አሉ። እንጥል አይፈነዳም። ስንውጥ ምግብና ውኃ ወደ አፍንጫ እንዳይወጣ ከላንቃ ጋር ሆኖ የሚከለክል፣ ጉሮሮንም የሚያረጥብ የራሱ ሥራ ያለው አካል ነው። ሲያብጥ ያበጠው ከጉሮሮው ሕመም ጋር ነው፤ ሕመሙ ሲድን እርሱም ይመለሳል። ባልተቀቀለ ስለት የተቆረጠ ሕፃን ግን ደሙ አልቆም ብሎ ሊሞት፣ መንጋጋ ቆልፍና ኤችአይቪ ሊይዘው ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ መንቀልን ከሚያስቀጡ ጎጂ ልማዶች መካከል አስፍሯቸዋል። አያት ብትቆጣም፣ “አንቺን ያሳደግሁሽ እንዲሁ ነው” ብትልም፣ “እማማ፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ላሳየው” ብሎ ልጅን አቅፎ መውጣት ነው።

ለአዋቂም ለልጅም ቀን ሳይቆጥሩ መሄድ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ትንፋሽ ሲያጥር፤ ምራቅ መዋጥ አቅቶ በአፍ ሲዝረከረክ፤ አፍ አልከፈት ሲል፤ በዓይን ዙሪያ ሲያብጥና ሲቀላ ወይም አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ሲታይ፤ ከከባድ ራስ ምታት ጋር አንገት ሲገተር። እነዚህ ሌሊትም ቢሆን አያሳድሩም። የሳይነሱ ሕመም አሥር ቀን አልፎ ምንም ካልቀለለ፣ ወይም ከተሻለዎ በኋላ ተመልሶ ትኩሳትና ሕመም ካመጣ በማግስቱ ሐኪም ያማክሩ። አሥራ ሁለት ሳምንት የቆየ ከሆነ የአንገት በላይ ሐኪም ማየት አለበት። ድምፅዎ ከሦስት ሳምንት በላይ ተዘግቶ የቆየ ከሆነም፣ በተለይ ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ፣ እንዲሁ ነው።

ትንሽ ልጅ ካለዎ ደግሞ ይህን ያስታውሱ። ከአንድ የአፍንጫው ቀዳዳ ብቻ የሚሸት፣ አንዳንዴም ደም የቀላቀለ ንፍጥ የሚወርደው ልጅ ብዙ ጊዜ ጉንፋንም ሳይነስም አይደለም፤ ሽምብራ፣ የዶቃ ፍሬ ወይም የስፖንጅ ቁራጭ ከቶበት ነው። በጸጉር ሽቦ ወይም በክብሪት እንጨት ለማውጣት አይሞክሩ፤ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። የክብ ሰዓት ባትሪ ከሆነ የአፍንጫውን ሥጋ በሰዓታት ውስጥ ስለሚበላው፣ ባዩ በዚያው ሰዓት ይዘውት ይሂዱ።